ከሐይቅ ዳርቻ አሸዋ አታምጡ፤ የጓሮውን አፈርም አትፍሩ

ሰሞኑን አንድ የደሴ ሰው በዓሣ ገንዳ ውስጥ ተክል ለማሳደግ ከታች ምን እንደሚነጠፍ ጽፈው አነበብኩ። ጽሑፉ ከእጅ ወደ እጅ ብዙ ዞሯል። ለእኔ ብቻ አራት ሰው ልኮልኛል። አራቱም የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ "እንዲህ እናድርግ ወይ?" ለእያንዳንዳቸው ከምመልስ አንዴ ልጻፈው አልኩ።

በመጀመሪያ ጸሐፊውን አመሰግናለሁ። በአማርኛ ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው። ገንዳ ውስጥ የፕላስቲክ አበባ ከመትከል እውነተኛ ተክል ይሻላል ማለታቸውም ትክክል ነው። ግን ከምክራቸው አንዳንዱ ዓሣ ይገድላል። አንዱ ደግሞ ሰው ያሳምማል። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። ከውጭ የሚመጣው የአኳሪየም አፈር ከሌለ ተክል አይበቅልም። እሱን መግዛት ያልቻለ ደሴ አጠገብ ካለው፣ ስሙም ሐይቅ ከሚባለው ሐይቅ ዳርቻ አሸዋ ያምጣ፤ ከሥሩ ፍግ ወይም አንድ ማንኪያ ዩሪያ ያድርግበት። የጓሮ አፈር ግን ገንዳውን ስለሚመርዝ አይነካ። አሸዋው 15 ሴንቲ ሜትር ይድረስ። በየስድስት ወሩም ሁሉም ወጥቶ ይታጠብ።

ከታች የሚነጠፈውን እኔ "መደብ" እለዋለሁ፤ የችግኝ መደብ እንደምንለው። ሰብስትሬት የሚሉት ይህንኑ ነው።

ከውጭው አፈር ልጀምር። ይህ አፈር ተፈጥሯዊ አፈር ነው። በትናንሽ ድብልብል ፍሬ ተሠርቶ በሙቀት ደርቋል። ዝነኛ ያደረገው ታካሺ አማኖ የተባለ ጃፓናዊ ፎቶግራፍ አንሺ እ.ኤ.አ. በ1982 ያቋቋመው ድርጅት ነው። አፈሩ ጥሩ ነው፤ አልክድም። ውስጡ ምግብ አለው። ውሃውንም ያለሰልሳል፤ ወደ አሲድነት ያወርደዋል። ብዙ የእስያና የአማዞን ተክሎች ይህን ይወዳሉ።

ጸሐፊው ያልነገሩን ግን አለ። ይህ አፈር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሞኒያ ይለቃል። በዚያ ጊዜ ዓሣ የጨመረ ሰው ዓሣውን ያጣል። ምግቡም በአንድ ሁለት ዓመት ያልቃል፤ ፍሬውም እየፈረሰ ጭቃ ይሆናል። ውሃ የማለስለስ ችሎታው ደግሞ የሚቆየው እንደ ቤታችሁ ውሃ ዓይነት ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋገር ከሆነ ውሃችሁ ከባድ ውሃ ነው። ከባድ ውሃ የዚህን አፈር ጉልበት ቶሎ ይጨርሰዋል። ውሃ በቀየራችሁ ቁጥር አፈሩ እንደገና ይታገላል፤ ከዚያ ይደክማል። ያን ሁሉ ብር ያወጣችሁበት ጥቅም በወራት ውስጥ ያልቃል ማለት ነው።

መጠኑንም እንየው። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ገንዳ 6 ሴንቲ ሜትር መደብ ለማንጠፍ 10.8 ሊትር አፈር ያስፈልጋል። ትልቁ ከረጢት 9 ሊትር ነው። አንድ አይበቃም። ከአዲስ አበባ ደሴ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ተማሪ ይህን አንብቦ "እንግዲያው ይቅርብኝ" ቢል አልፈርድበትም። እኔን ያሳዘነኝም ይኸው ነው። ያለዚህ አፈር ተክል አይበቅልም የሚለው እውነት ቢሆን እሺ፤ እውነት ግን አይደለም።

ምክንያቱም ተክል ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አኑቢያስና ጃቫ ፈርን መደብ ውስጥ አይቀበሩም። ወፍራም ግንዳቸው ከተቀበረ ይበሰብሳል። በክር ከድንጋይ ወይም ከእንጨት ጋር ይታሰራሉ። ሆርንወርት ጭራሽ ሥር የለውም፤ የሚበላው በቅጠሉ ከውሃው ነው። ቫሊስኔሪያ በተራ አሸዋ ላይ ይኖራል፤ እየተሳበም ገንዳውን ይሞላል። የሰባ መደብ የሚፈልጉት በሥራቸው አጥብቀው የሚበሉት ናቸው፤ እንደ ክሪፕቶኮሪንና የአማዞን ሰይፍ የሚባለው ትልቅ ቅጠል። ስለዚህ መጀመሪያ ተክሉን ምረጡ። መደቡ ከዚያ ይከተላል። ሆርንወርትና አኑቢያስ ብቻ ለሚያሳድግ ሰው የታጠበ ጠጠር ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደ ሐይቅ ልምጣ። እዚህ ላይ ረዘም ማለቴ አይቀርም።

ጸሐፊው "የሐይቅ አሸዋ ተፈጥሮ ያጠበው ንጹሕ አሸዋ ነው" ይላሉ። ሐይቅን የማይወድ የወሎ ሰው የለም። እስጢፋኖስን ተሳልመን፣ ዓሣ በልተን፣ ዳር ተቀምጠን ያደግንበት ነው። ግን ስለ ውሃው እውነቱን እናውራ። አጠገቡ ያለው የአርድቦ ሐይቅ ትርፍ ውሃ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ከሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃውን ፀሐይ ትወስደዋለች፤ የሟሟው ማዕድን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የሐይቅ ውሃ አልካላይን ነው፤ የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው። እንዲህ ካለ ውሃ ዳር የተነሳ አሸዋ የቀንድ አውጣ ቅርፊትና ኖራ ሊቀላቀልበት ይችላል። ኖራው ገንዳ ውስጥ ቀስ እያለ ይሟሟል። ውሃው እየከበደ ይሄዳል። ብረት ደግሞ በአልካላይን ውሃ ውስጥ ለተክል በማይመች መልክ ይዘቅጣል። ብረት ያጣ ተክል አዲሱ ቅጠሉ ይገረጣል።

ይህን ከራሴ ነው የማውቀው። ሁለተኛው ገንዳዬ ላይ ከሱቅ የገዛሁትን ነጭ ጠጠር ነጠፍኩ። ሲያዩት ያምራል። ጋፒ የሚባሉት ትንንሽ ዓሣዎቼ ደስ ብሏቸው ተዋለዱ። ተክሎቹ ግን ከላይ እየገረጡ ሄዱ። ማዳበሪያ ጨመርኩ፤ መብራት ቀየርኩ፤ አራት ወር ለፋሁ። በመጨረሻ አንድ ፍሬ ጠጠር አውጥቼ አቼቶ ጠብ አደረግኩበት። ፈላ። እብነበረድ ነበር። እብነበረድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ከኖራ ድንጋይ ጋር ዘሩ አንድ ነው።

እናንተም ማንኛውንም አሸዋ ወይም ጠጠር ከመንጠፋችሁ በፊት እንዲህ አድርጉ። አድርቁት። በሳህን ላይ ትንሽ አስቀምጡና አቼቶ ወይም የሎሚ ጭማቂ አፍስሱበት። ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ። ከተንሿሿ ወይም አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት። ጋፒና ሞሊ ብቻ ለሚያረባ ሰው ችግር የለውም፤ እነሱ ከባድ ውሃ ይመቻቸዋል። ለተክል ገንዳ ግን ተዉት።

ሌላው ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። ጸሐፊው "ጫማችሁን አውልቃችሁ ገባ በሉና ከውሃው ሥር ያለውን እፈሱ፤ እዚያው ያለውን ሣርና ቀንድ አውጣም አምጡ" ይላሉ። ይህን ምክር እባካችሁ አትከተሉት። ቢልሃርዚያ በወሎ በብዙ ውሃ ዳር ያለ በሽታ ነው። የበሽታው ትል እጭ ከቀንድ አውጣ ይወጣና በውሃው ውስጥ ይዋኛል፤ የሰው ቆዳ ሲያገኝ ሰርስሮ ይገባል። መቁረጥ ወይም መቁሰል አያስፈልገውም። ቀንድ አውጣውን ቤት ማምጣት ደግሞ በሽታውን ወደ ሳሎን መጋበዝ ነው። ልጆች እጃቸውን ገንዳ ውስጥ ይከታሉ። ይህን ሳነብ ልቤ ደንግጧል።

ለዓሣውም እናስብ። ወንዱ ቆሮሶ፣ ቲላፒያ የምንለው፣ እንቁላል የሚጣልበትን ጎድጓዳ የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ነው። እኛ ባልዲ ይዘን የምንዝቀው ይህንኑ ቦታ ነው። የአንድ ገንዳ አሸዋ ምንም አይመስልም። ጽሑፉን ያነበበ ሁሉ ቢሄድስ?

ሞት ይርሳኝ፣ ተቃራኒውም አለ። የሰለቻችሁን የገንዳ ተክል ሐይቅ ወይም ቦርከና ወንዝ ውስጥ አትጣሉ። እምቦጭ ጣናን ምን እንዳደረገው አይተናል።

ታዲያ አሸዋ ከየት? ከግንባታ አሸዋ። የወሎ ተራሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የረጋ እሳተ ገሞራ ናቸው። ወንዞቻችን የሚያወርዱት አሸዋ የዚያ ጥቁር ድንጋይ ፍርካሽ ነው። ከባድ ስለሆነ ተክል አይንሳፈፍበትም። ጥቁር ስለሆነ አረንጓዴው ያምርበታል። ደርቆ ከተከመረው ውሰዱ። የት እንደተጫነ ሻጩን ጠይቁ። ቦርከና ደሴንና ኮምቦልቻን አቋርጦ ነው የሚወርደው፤ ከከተማና ከፋብሪካ በታች የተነሳ አሸዋ አልመክርም። ከዚያ ንፉት። ከጤፍ ፍሬ የሚያንሰውን ጣሉ፤ ከምስር ፍሬ የሚበልጠውንም ጣሉ። መሐል ያለው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ከላመ ይጠቀጠቃል፤ ውሃ በመሐሉ አያልፍም። ከገዘፈ ቆሻሻ በቀዳዳው እየገባ ይከማቻል። ውሃው እስኪጠራ እጠቡት፤ በመጨረሻ የፈላ ውሃ አፍስሱበት። አቼቶውን አትርሱ፤ በጥቁሩ ድንጋይ ቀዳዳ ውስጥም አንዳንዴ ነጭ የኖራ ፍሬ አለ።

ሬድ አሽስ፣ ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠርስ የሚል አይጠፋም። ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ጠቃሚ ባክቴሪያ ያኖራል። ግን ስለታም ነው፤ ቀላልም ነው። ከሥር ቢሆን እንጂ ከላይ አልወደውም፤ ታች የሚርመሰመሱ ዓሣዎችን ጢም ያቆስላል።

ወደ ጓሮ አፈር እንሂድ። "አፈር ገንዳን ይመርዛል" የሚለው የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት ነው። ዳያና ዋልስታድ የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ተራ አፈር ከሥር፣ ጠጠር ከላይ አድርጎ ገንዳ ማቆምን ለዓለም አስተምራለች። በዚህ መንገድ የቆሙ ገንዳዎች ለዓመታት ይኖራሉ። ውድ ማዳበሪያ አይሹም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ንጹሕ አሸዋ ምግብ አይዝም፤ እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ሸክላነት ያለው አፈር ግን ይዞ ያቆያል። አሞኒየም፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዢየም፣ ብረት በሸክላው ቅንጣት ላይ ተጣብቀው ይቆዩና ሥሩ ሲመጣ ይለቀቃሉ። ገበሬው ዋልካን ጉልበተኛ መሬት የሚለው ያለ ነገር አይደለም። ውሃ ሥርም ያው ነው።

ዋልካን ብቻውን ግን አትጠቀሙ። ሲርስ ያብጣል፤ በጣም የላመ ስለሆነ አንዴ ከተነካ ውሃው ሻይ ይመስላል፤ ቶሎም አይጠራም። እኔ የምወደው ላላ ያለ ቀይ አፈር ነው፤ ከተገኘ ጥቂት ዋልካ እቀላቅልበታለሁ። ከየትም አይነሳም ታዲያ። ጋራዥ አጠገብ ያለ አፈር ዘይት ጠጥቷል። ፀረ አረም የተረጨበት እርሻ ተክላችሁን ይገድላል። ባሕር ዛፍ ሥር ያለውን ተዉት፤ ቅጠሉ የሚለቀው ነገር ለሌላ ተክል አይመችም። በቅርቡ ማዳበሪያ የተደረገበትንም እንዲሁ።

ጸሐፊው "አፈር ሞክሬ ዓሣዎቼ አለቁ" ያሉት እውነት ይመስለኛል። አዝኛለሁም። ግን በጽሑፋቸው እንደነገሩን አፈሩን ቆፍረው በዚያው ቀን ነው የነጠፉት፤ ዓሣውን የጨመሩት በማግስቱ ነው። ጥፋቱ የአፈሩ አይደለም፤ የጥድፊያው ነው። ጥሬ አፈር ውስጥ ያልበሰበሰ ሥርና ቅጠል አለ። ውሃ ሥር ሲበሰብስ አሞኒያ ይለቃል፤ ኦክስጅንም ይበላል።

አብሽሩ፤ መፍትሔው ፀሐይ ነው። አፈሩን በባልዲ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። የተንሳፈፈውን ድፉ። ሁለት ቀን አቆዩትና ሸራ ላይ በስሱ አስጡት። ሲደርቅ ፈርክሱት፤ እንደገና ዘፍዝፉት። ሦስት አራት ጊዜ እንዲህ ሲመላለስ የሚበሰብሰው ነገር እዚያው ውጭ ይበሰብሳል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው የደሴ ፀሐይ ለዚህ የተሠራ ነው። በክረምት አትሞክሩት፤ ይሸታል እንጂ አይደርቅም። ከዚያ ንፉትና 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ንጠፉ። ከላዩ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ያንን የተነፋ አሸዋ አልብሱት። አሸዋው ክዳን ነው፤ አፈሩን ቆልፎ ይይዛል። ውሃ ስታስገቡ ሳህን አስቀምጡና በሳህኑ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ።

የመጀመሪያውን ቀን ተክሉን በብዛት ትከሉ፤ በተለይ ቶሎ የሚያድገውን። ለጥቂት ሳምንታት ግማሹን ውሃ በየሦስት ቀኑ ቀይሩ። ዓሣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆይ። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚቀይሩት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ቤታችን ይቀዘቅዛል። ባክቴሪያ በቅዝቃዜ ይዘገያል። ማሞቂያ ከሌላችሁ ከኮምቦልቻ ሰው የበለጠ ታገሡ።

ፍግና ዩሪያ ላይ ብዙ አልልም። ጥሬ ፍግ ከላይ ያልኩት የጥሬ አፈር ችግር በብዙ እጥፍ ነው። ዩሪያው ግን በቁጥር ይታይ። የሻይ ማንኪያ 5 ግራም ይይዛል እንበል። ከዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው። 2.3 ግራም ማለት ነው። 60 ሊትር ውሃ ላይ ሲከፋፈል በሊትር 38 ሚሊ ግራም ይሆናል። ዩሪያ ውሃ ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። ዓሣን ለመጉዳት በሊትር 1 ሚሊ ግራምም ይበቃል፤ በተለይ ውሃው አልካላይን ሲሆን መርዙ ይበረታል። አሁን ሁለቱን ምክር አንድ ላይ አድርጓቸው። ኖራ ያለበት የሐይቅ አሸዋ ከላይ፣ ዩሪያ ከሥር። ከዚህ የከፋ አነጣጠፍ አላውቅም። በሥሩ አጥብቆ ለሚበላ ተክል ተጨማሪ ከፈለጋችሁ ከሸክላ አፈር የጣት ጫፍ የምታህል ድቡልቡል ሠርታችሁ አድርቁና ከሥሩ አጠገብ ሸጉጡ። ብረት ይሰጠዋል።

15 ሴንቲ ሜትር ስለሚባለው። የገንዳው ከፍታ 36 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ለዓሣው ምን ቀረ? በ60 በ30 ገንዳ ላይ ይህ 27 ሊትር አሸዋ፣ ከ40 ኪሎ በላይ ነው። ከታች ያለው ደግሞ ኦክስጅን አያገኝም። እዚያ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይፈጠራል፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ። ጸሐፊው ይህን ጋዝ የአፈር ጥፋት ያደርጉታል። ጋዙ የጥልቀትና የብስባሽ ልጅ ነው። ሥር በደንብ የገባበት መደብ ራሱን ያስተነፍሳል፤ ተክል በሥሩ በኩል ኦክስጅን ይለቃልና። ከመስታወቱ ሥር ጥቁር ነጠብጣብ ብታዩ አትደንግጡ። ብረትና ድኝ ሲገናኙ የሚፈጥሩት ቀለም ነው። ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ለማንም ይበቃል።

የመጨረሻው በየስድስት ወሩ ማጠብ ነው። ባክቴሪያው የሚኖረው እዚያው መደብ ላይ ነው። ሥሩም እዚያው ነው። ሁሉንም አውጥቶ ማጠብ ገንዳውን ወደ መጀመሪያው ቀን መመለስ ነው፤ የስድስት ሳምንቱ ትዕግሥት እንደገና ይጀምራል። ክሪፕቶኮሪን በተለይ ከተነቀለ ቅጠሉ ሁሉ ይሟሟል። ቆሻሻ ካያችሁ በጎማ ከላይ ከላዩ ሳቡት። በቃ።

አውጥቶ ማየት ለሚወድ፣ ወይም እንደ ተከራይ ቤት ቶሎ ቶሎ ለሚቀይር ሰው ግን አንድ መንገድ አለኝ። አዲስ፣ ቀለም ያልተቀባ የሸክላ የዕጣን ማጨሻ ግዙ። ጢስ የነካው አይሁን። ግማሹን በፀሐይ የተመላለሰውን አፈር፣ ላዩን አሸዋ ሙሉና ተክሉን እሱ ውስጥ ትከሉ። ገንዳው ሥር ስስ የታጠበ አሸዋ ብቻ ይበቃል። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ ቤት ሦስት እንዲህ ያሉ አሉ፤ ሁለቱ ክሪፕቶኮሪን፣ አንዱ የአማዞን ሰይፍ። ቤት ስትቀይር ማጨሻዎቹን ከነተክላቸው በባልዲ ውሃ ይዛ ሄደች። አንድም ቅጠል አልሟሟም።